ባዶ የረገጠው እግር

ሰማታርን ነጌሌ ውስጥ የማያውቀው ሰው አልነበረም። የአቶ ደሳለኝን ቀይ የጭነት መኪና አሥራ አንድ ዓመት ነድቷል፤ ከክብረ መንግሥት ነጌሌ፣ ከነጌሌ አሬሮ፣ አንዳንዴም እስከ ዱብሉቅ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሶማሌ ነበር። አማርኛውን የተማረው መንገድ ላይ ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እያደረገ ሲያወራ ሰው ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። መሪ ከጨበጠ በኋላ ግን ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረግጦ ያዳምጣል። ፔዳሉ እግሩን መልሶ ካልገፋው ከግቢው አይወጣም። ለዚህም ነው ሰዎች የሌላውን ሾፌር መኪና ትተው የሱን የሚጠብቁት፤ በተለይ ልጅ የያዙ ሴቶች።

እኔ በዚያን ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ኃይለማርያም እባላለሁ። አባቴ ከመንዝ መጥቶ እዚህ የቀረ ነው፤ እኔ የተወለድኩት ነጌሌ ነው። ከዚህ በታች ከምናገረው ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከፊሉን በእጄ ጽፌዋለሁ፣ የተቀረውን ከሰማታርና ከሚስቱ ከመሱዳ አፍ ሰምቻለሁ።

ሰማታር አንድ ጓደኛ ነበረው፤ መካኒኩ ገብረወልድ። ገብረወልድ ሙያውን አሥመራ ጣሊያኖች ጋ ተምሮ፣ በጠላት ጊዜ ከመኪና ጋር ወደ ደቡብ ወርዶ እዚሁ አግብቶ የወለደ ሰው ነው። ጋራዡ አቶ ደሳለኝ ግቢ ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ዳስ ናት። የሚኖርበትም ቤት የአቶ ደሳለኝ ነው። ሰማታር መኪናውን ሲነዳ ድምፁን ይሰማል፣ ገብረወልድ ደግሞ ሆዱን ይከፍታል፤ ስለ መኪናዋ እንደ ታማሚ ዘመድ ነበር የሚያወሩት። ሃይማኖታቸው ቢለያይም አንዱ ከሌላው በዓል ቀርቶ አያውቅም።

በ1956 ዓ.ም. የካቲት ላይ ድንበሩ ላይ ከሶማሊያ ጋር ተኩስ ተከፈተ። ከተማው በወታደር ሞላ። እህል ተወደደ፤ መኪና ያለው ሰው ቀንም ሌትም ማስነዳት ፈለገ። የአቶ ደሳለኝ መኪና ፍሬን መስጠም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ቶሎ አይመልስም፤ ከኋላ ጎማ በኩል ዘይት ይንጠባጠባል። ገብረወልድ ፈታትቶ አየውና የውስጡ ላስቲኮች እንዳለቁ፣ ላስቲኩም የፍሬን ዘይቱም ከአዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ለባለቤቱ ነገረ። አሥር ቀን ይፈጃል አለ። አቶ ደሳለኝ አሥር ቀን የሚባል ነገር ሊሰሙ አልፈለጉም። ክብረ መንግሥት ላይ ጤፍና በቆሎ ገዝተው ከምረዋል። ያለውን ዘይት ሙላበትና ነገ ይውጣ ብለው አዘዙት።

ያለው ዘይት የሞተር ዘይት ነው። የሞተር ዘይት የፍሬንን ላስቲክ እንደሚበላ ገብረወልድ ከማንም በላይ ያውቃል። መጀመሪያ ላስቲኩ ያብጣል፤ ሲያብጥ ፔዳሉ ጠንከር ይልና የተሠራ ይመስላል። ከዚያ ፍሬኑ መንኮራኩሩን ይዞ አልለቅ ይላል፤ ብረቱ ይግላል። በመጨረሻ ላስቲኩ ይቀደድና ዘይቱ ይፈሳል፤ እግር ባዶ ይረግጣል። ገብረወልድ ይህን እያወቀ ሞላው። ሰማታር ዘይቱን ከየት አገኘህ ብሎ ሲጠይቀው፣ ከወታደር መኪና ሾፌር ለመንኩ አለው። ሰማታር ሦስት ጊዜ ረገጠ። ፔዳሉ እግሩን መልሶ ገፋው። ጓደኛውን አመስግኖ ወጣ።

መሄጃው ሰላም ነበር። ሲመለስ መኪናው ከባድ ሆነበት። እህሉ ላይ አሥራ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የሚበዙት ባሎቻቸው ጦር ሰፈር ያሉ ሴቶች ናቸው። መንገድ ላይ ባለችው ዋደራ ቆሞ ጎማዎቹን በእጁ ሲነካ ብረቱ አቃጠለው። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አንድ ሰዓት ያህል አቁሞ አቀዘቀዘ። ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አጉረመረሙ። ሰማታር አዲስ ዘይት ስለሆነ ይሆናል፣ ነጌሌ ስገባ ገብረወልድ ያየዋል ብሎ አሰበና ቀስ እያለ ቀጠለ። ይህን ሐሳቡን በኋላ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። ወንጀሌ የምለው ይህችን አንዷን ነው ይል ነበር፤ ዋደራ ላይ ሰዎቹን አውርጄ በእግራቸው መስደድ ነበረብኝ።

ነጌሌ የገባው በገበያ ቀን ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም። እኔ ከምሳ ወደ ሥራ ስመለስ መንገዱ ዳር ነበርኩ። ከላይ ወደ ገበያው የሚወርደው ቁልቁለት ረጅም አይደለም፤ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ መጨረሻው የገበያው መሐል ነው። መኪናው ቁልቁለቱ አናት ላይ ብቅ ሲል ጡሩምባው ይጮህ ነበር። ጩኸቱ አልቆመም። ያን ጊዜ ሰማታር ፔዳሉን ረግጦ እግሩ ወለል ነክቶ ነበር። ደጋግሞ ረገጠ፤ ምንም የለም። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ተቃጥሎ ጢሱ ወጣ። ማርሽ ሊቀንስ ሲሞክር ማርሹ አልገባ ብሎ ነፃ ሆኖ ቀረ፤ መኪናው ከነጭነቱ ተለቀቀ።

ገበያው ውስጥ ሰው ከሰው ተጣብቋል። መንገዱ መጨረሻ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ጨው የምትቸረችረው በዛብሽ ከረጢቷን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋን ሴቶችና ሕፃናት አሉ። ጡሩምባውን ሰምታ ዞር አለች። መኪናውን አየችው፤ እኔም እሷ ስታየው አየሁ። መነሳት አቅቷት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ከገበያው በስተግራ ጣሊያኖች የሠሩት የድንጋይ መጋዘን አለ። ሰማታር መሪውን ወደዚያ አዞረ።

ገበያው ውስጥ አንዲት ፍየል እንኳ አልተረገጠችም። እህሉ ላይ ከነበሩት ሰዎች ግን አራቱ ሞቱ። ሁለቱ ነጋዴዎች ናቸው። የቀሩት የዓለምወርቅ የምትባል የአሥር አለቃ ሥዩም ሚስትና ሁለት ወር ያልሞላት ልጇ ናቸው። ሥዩም ልጁን አይቷት አያውቅም፤ ያን ቀን ሊቀበላቸው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጥቶ ነበር። ሰማታርን ከመሪውና ከፔዳሉ መሐል ሲያወጡት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የወጣው ሰው ሁሉ ሾፌሩ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ከሕዝቡ አንዱ ሶማሌ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልነበረውም። የተሰበረውን እግሩን ሳይቀር ረገጡት።

እስር ቤት እግሩን አንድ እስረኛ ወጌሻ ጠገነለት፤ ጠምሞ ዳነ። በሁለተኛው ሳምንት ሥዩም ሊያየው መጣ። ጠባቂዎቹ ሊገድለው ነው ብለው ጠመንጃውን ተቀብለው አስገቡት። ሥዩም ግን አልነካውም። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፦

«መሪውን ስታዞር ላይ ሰው እንዳለ ታውቅ ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጬ ነበር፣ አላስታውስም፣ መኪናው ራሱ ዞረ ይላል። ሰማታር ለዚያ ሰው መዋሸት አልቻለም።

«አውቃለሁ» አለው። «ላይ ሴት አለ፣ ልጅ አለ። አውቃለሁ። ታች ደግሞ ብዙ ነው።»

ሥዩም ተነስቶ ወጣ። ከታች ያለውን ብዙ አልሰማውም፤ አውቃለሁ የሚለውን ብቻ ይዞ ሄደ። ፍርድ ቤት ቀርቦም ያንኑ ተናገረ። አልዋሸም።

ችሎቱ ሁለት ቀን ፈጀ። አቶ ደሳለኝ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው መጡ፤ መኪናቸው ደህና እንደነበረች፣ ሾፌሩን እንደ ልጃቸው ያዩት እንደነበር ተናገሩ። ገብረወልድ ተጠራ። ሰማታር በክራንች ተደግፎ ቆሞ ነበርና ጓደኛውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ አሁን እውነቱ ይወጣል ብሎ ነው። ገብረወልድ ግንብ ግንቡን እያየ ፍሬኑን በደንብ እንደሠራ፣ ዘይቱም ትክክለኛው ዘይት እንደነበረ፣ መኪናው ከእጁ ሲወጣ ምንም እንከን እንዳልነበረበት ማለ። መኪናው በግጭቱ የፍሬን ቧንቧው ሁሉ ተበጣጥሷልና የሚመረመር ነገር አልቀረም። ሰማታር ለረጅም ጊዜ ገብረወልድን አየው።

በዛብሽም ተጠርታ ነበር። መኪናው ወደሷ ሲመጣ ስለማየቷ ተጠየቀች። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ አላየሁም አለች። የምትቸረችርበት ቦታ የአቶ ደሳለኝ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በመጨረሻ ዳኛው ሰማታርን ለምን እንዳዞረ ጠየቁት። ሰማታር በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ብዙ ተናገረ። ዋደራ ላይ ስለጋለው ብረት፣ ወለል ስለነካው ፔዳል፣ ስለ ማርሹ፣ በገበያው ውስጥ ስላያቸው ሕፃናት፣ እጇን ፊቷ ላይ ስላደረገችው ሴት። ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየቀላቀለ ተናገረ። አስተርጓሚው ደከመው። ዳኛው ምሳ ሰዓት ደርሶባቸው ነበርና ወደኔ ዞረው፣ አሳጥረህ ጻፈው አሉኝ።

አሳጠርኩት። «ተከሳሹ በጭነቱ ላይ ሰዎች መኖራቸውን እያወቀ መሪውን ወደ ግንቡ ማዞሩን አምኗል» ብዬ ጻፍኩ። ገበያውን አልጻፍኩም። ፍሬኑንም አልጻፍኩም። ማንም አትጻፍ አላለኝም። በዚያ ሰሞን ለሰማታር የሚያደላ ሰው መስዬ መታየት አልፈለግሁም። ጽሑፌም አጭርና ጥርት ያለ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር። ይግባኝ ሲጠየቅ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያነበበው ይህንኑ መስመር ነው። የተፈረደበት ሰባት ዓመት ጸናበት።

መሱዳ እሱ ታስሮ በቆየበት ስድስት ዓመት ሁሉ ወደ እስር ቤቱ ወተት አመላልሳለች። ከጦር ሰፈሩ በታች ካለው ውኃ መቅጃ የወታደር ሚስቶች እንስራዋን ሰብረው አባረሯት፤ ከዚያ በኋላ ራቅ ካለ ኩሬ ትቀዳ ነበር። አሲያ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበራቸው፤ ትምህርት ቤት ልጆች ሲጮሁባት ጊዜ ራሷ ቀረች። አቶ ደሳለኝ መኪናውን አስጠግነው ሌላ ሾፌር ቀጠሩ። ያው ቀይ መኪና በየሳምንቱ በእስር ቤቱ አጥር በኩል ያልፋል፤ ሰማታር በሞተሩ ድምፅ ያውቀዋል።

በ1962 ዓ.ም. አንድ ዓመት በምሕረት ተቀንሶለት ወጣ። እግሩ ፔዳል መርገጥ አይችልም፤ ቢችልም መኪና የሚሰጠው የለም። በወጣ በሦስተኛው ቀን ገበያ ሄደ። በዛብሽ በዚያው ቦታዋ ተቀምጣለች። ፊቷ ቆሞ፣ «ናጋ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት። ምንም ሊጠይቃት አልነበረም፤ ደህና መሆኗን ብቻ ሊያይ ነው የሄደው። እሷ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» አለች። ሰማታር ዞሮ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የቆዳ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ይኖር ነበር። እኔንም መንገድ ላይ ካገኘኝ ቆሞ፣ አንቱ ብሎ ሰላምታ ይሰጠኛል። ያችን መስመር ማን እንደጻፋት አያውቅም፤ ወይም የማያውቅ ይመስለኝ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በሰኔ ወር ገብረወልድ በጉበት ታመመ። ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ አልጋ ላይ ዋለ። ንስሐ አባቱ ሲያናዝዙት፣ አንድ ሰው በድያለሁ፣ እሱ ይቅር ካላለኝ ነፍሴ አትወጣም አለ። ሰማታር ተላከበት። ሰማታር በቀጥታ አልሄደም። መጀመሪያ እኔ ቤት መጣ።

«አቶ ኃይለማርያም፣ ወረቀት ይያዙ፣ ብዕር ይያዙ፣ ከኔ ጋር ይምጡ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ገብረወልድ ቤት ስንገባ ሚስቱ ወለላና ቄሱ ብቻ ነበሩ። ሰማታር አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ገብረወልድ እጁን ዘረጋለት፤ ሰማታር አልያዘውም፤ አልገፋውምም። ገብረወልድ ሁሉንም ተናገረ፤ ስለ ሞተር ዘይቱ፣ ስለ ትዕዛዙ፣ ከወታደር ለመንኩ ስላለው ውሸት፣ ስለ መሐላው። አንድም ነገር አልደበቀም። ሲጨርስ ይቅርታ ለመነው።

ሰማታር ወደኔ አመለከተ። «ለሳቸው ንገር። ይጽፋሉ። ጣትህን ቀለም አድርግበት።»

ገብረወልድ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወለላን አየ። ሁለት ልጆቹ አቶ ደሳለኝ ጋ ይሠራሉ፤ የተኛበት ቤት ያው የሳቸው ነው። «ወረቀት አይሆንም» አለ። «ልጆቼ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እዚህ በልብህ ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ቄሱ ጣልቃ ገብተው፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን እንጂ ወረቀትን አይደለም አሉት።

«እግዚአብሔር አላሰረኝም፣ አባ» አለ ሰማታር። «ያሰረኝ ወረቀት ነው።» ቀጥሎ ወደ ገብረወልድ ዞረ። «ካስጻፍክ፣ አሁን ይቅር ብያለሁ። ካላስጻፍክ፣ የለም።»

ገብረወልድ አለቀሰ፤ ወለላ ሰማታር እግር ላይ ወደቀች። ሰማታር እስኪመሽ ጠበቀ። እኔ ብዕሬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ በራሴ ምስክርነት መጻፍ እችል ነበር፤ ለዚያ የገብረወልድ ጣት አያስፈልገኝም። አልጻፍኩም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሰማታር ተነስቶ እያነከሰ ወጣ። ገብረወልድ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ፤ ሲሞት የሰማታርን ስም ይጠራ ነበር አሉ።

ያን ጊዜ ከተማው ሰማታር ላይ ተነሳ። አራት ሰው ገደለ ተብሎ ሲታሰር እንኳ እንዲህ አልተጠላም። የሚሞት ሰው ለምኖት እምቢ ያለ ተባለ። ቄሱ የንስሐውን ነገር አይናገሩም፤ ወለላ ባሏ ምን ብሎ ይቅርታ እንደጠየቀ አትናገርም፤ እኔም ዝም አልኩ። ስለዚህ ሰው የሚያውቀው እምቢታውን ብቻ ነው። ከዘበኝነቱ ተባረረ። ባለሱቆች እያዩት ዕቃ የለም ይሉታል። በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሥዩምን አገኘሁት፤ ያን ጊዜም ለብቻው ይኖር ነበር። ጤንነቱን ጠይቄው፣ የሰማሁትን ሳልነግረው አለፍኩ።

ከሁሉ የከፋው ግን የመጣው ከቤቱ ነው። መሱዳ ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ወቅሳው አታውቅም። ያን ሰሞን፣ የሚሸጥላቸው ጠፍቶ ለሁለት ቀን በወተት ብቻ ሲውሉ፣ «ቃል ብቻ ነበር እኮ፤ ብትለው ምን ይጎድልብህ ነበር?» አለችው።

«ከዚያ ቃል ሌላ ምንም አልቀረኝም ነበር» አላት።

በዚያው ወር ነጌሌን ለቀው መሱዳ ወንድም ወዳላት ወደ ዱብሉቅ ሄዱ።

በ1966 ዓ.ም. ክረምት አገሩ ሁሉ ተነቃነቀ። በየመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው በዛ። አቶ ደሳለኝ ንብረታቸውን ለዘመድ ትተው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ የሚፈራ ሰው አልቀረም። ያን ጊዜ ድፍረት መጣልኝ። አቤቱታውን በራሴ እጅ አሳምሬ ጻፍኩት፤ ዘይቱን፣ መሐላውን፣ የገብረወልድን ቃል። የሰማታር ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው። ጭነት መኪና ተሳፍሬ ዱብሉቅ ወረድኩ።

ሰማታርን ያገኘሁት ከብት የሚጠጣባቸው ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ጋ ነው። ድርቅ ስለነበረ ከብቱ ከሩቅ መጥቶ ተሰልፏል። ሰማታር በዚያ እግሩ ወደ ጉድጓዱ መውረድ አይችልም፤ ገንዳው አጠገብ በትር ይዞ ተራ ያስጠብቃል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ሰላም ተባብለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጽሑፉን አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ ያልገባውን ቃል በኦሮምኛ ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል።

ስጨርስ፣ «ያን መጀመሪያ፣ ያን አጭሩን፣ ማን ጻፈው?» አለኝ።

ልዋሽ አስቤ ነበር። እሱ ለሥዩም ያለው ትዝ አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ስትጽፍ እጅህን አይ ነበር። እኔ ብዙ አወራሁ፣ እጅህ ቶሎ ቆመ።» በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለኝ፤ አማርኛው ጠፍቶት አልነበረም። ወረቀቱን አልተቀበለኝም። ገንዳው ጋ ሁለት ኮርማዎች ተገፋፍተው ነበርና በትሩን ተደግፎ ተነሳ።

መሱዳ ቤት ወስዳ ወተት ሰጠችኝ። አሲያ አግብታ አሬሮ እንደምትኖር፣ ሁለት ልጅ እንዳላት ነገረችኝ። ወተቱን ጠጥቼ ጨረስኩ። ወደ ነጌሌ የምትመለሰው መኪና መንገድ ዳር ቆማ ስትጮህ ተሰናብቻት ወጣሁ። በዚያ አገር እንግዳ ሲሄድ እስከ መንገድ መሸኘት ደንብ ነው። ሰማታር ከገንዳው አጠገብ ቀና ብሎ አየኝ፤ ወዲያው ወደ ከብቶቹ ዞረ።